ለወሎ ተራራ የቱ ይሻላል? መከለል፣ መትከል ወይስ ባሕር ዛፍ

ሐምሌ ሲገባ ችግኝ ይዞ ተራራ መውጣት በአገራችን ልማድ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህማ ያልተከለ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መትከሉ ክፋት የለውም። ግን አንድ ቅሬ (በወሎ እድርን የመሰለ የመንደር ማኅበር) ወይም አንድ ጎጥ «ይህን የተራቆተ ተራራ ምን እናድርገው?» ብሎ ሲሰበሰብ መልሱ ሁልጊዜ «እንትከልበት» ነው። ሌሎቹ ምርጫዎች ስማቸው እንኳ ሳይነሳ ስብሰባው ይበተናል።

በተለይ ፍላጎታችን ድኩላው፣ ቆቁ፣ ሚዳቋውና ሰሱ እንዲመለሱ ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ድኩላ የሚፈልገው ጫካና የአጣና ነጋዴ የሚፈልገው ጫካ ለየቅል ናቸው።

ይህን የጻፍኩት ለእንዲህ ያለ ስብሰባ ነው። የቅሬ ሰብሳቢ ቢያነበው፣ የልማት ሠራተኛ ቢያነበው፣ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ «ለአገሬ አንድ ነገር ላድርግ» የሚል የወሎ ልጅ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ቢያነበው ጥሩ ነው። ወዴት እንደማደላ ከአሁኑ ልንገራችሁ። በአብዛኛው የወሎ ተራራ ላይ መጀመሪያ መከለል፣ ማለትም ሰውና ከብት እንዳይገባበት መዝጋት፣ ቆይቶ ደግሞ የጎደለውን መትከል ይሻላል እላለሁ። ይህ የማይሠራበት ቦታም አለ፤ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ተራራውን ውጡት

ምንም ነገር ከመወሰናችሁ በፊት ግማሽ ቀን ተራራው ላይ ዋሉ። ከታች ሆኖ ሲያዩት ራቁቱን የቆመ የሚመስል ተራራ ቀርበው ሲያዩት ብዙ ጊዜ ራቁቱን አይደለም።

ለምሳሌ ከቋጥኝ ሥር ከጉልበት የማይበልጥ፣ እንደ ትራስ ድቡልቡል ያለ ቁጥቋጦ ታገኛላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ቅጠሉን ገልብጡት። ቀጭን ነው፤ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከሥር ገርጣ ያለ ከሆነ ወይራ ነው። ግንዱ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ሥሩ ግን አልሞተም። በየክረምቱ ያቆጠቁጣል፤ በየበጋው ፍየል ትነጨዋለች። እንዲህ ያለ ወይራ ሥሩ አስቀድሞ መሬት ውስጥ ስላለ፣ ፍየሏ ብቻ ብትቀርለት ከችግኝ ጣቢያ የሚመጣ የትኛውም ችግኝ አይደርስበትም።

ከዚያ ደደሆ ወደሚባለው ቁጥቋጦ ሂዱ። ደደሆን የሚወደው ሰው ጥቂት ነው። ከብት ብዙም አይበላውም፣ ለቤት ሥራም አይሆንም። ቅርንጫፎቹን ከፈት አድርጋችሁ ከሥሩ ብታዩ ግን ጣት የምታህል የወይራ ወይም የጥድ ቡቃያ ልታገኙ ትችላላችሁ። እንዴት እዚያ ደረሰች? ወፍ ነች ያመጣቻት። ወፏ የወይራውን ፍሬ በልታ ደደሆው ላይ ታርፋለች፤ ፍሬው ሥጋው ተልጦ ከኩሷ ጋር ይወድቃል። ጥላው ከበጋ ፀሐይ፣ ጥቅጥቅ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ከፍየል አፍ ያድናታል። በትግራይ የተከለሉ ተራሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ቡቃያ ገላጣ መሬት ላይ ካለው ይልቅ ቁጥቋጦ ሥር ያለው በደንብ እንደሚተርፍ አሳይተዋል።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙ የተከላ ዘመቻ የሚጀምረው «ቦታውን በማጽዳት» ነው። ደደሆው፣ አጋሙ፣ ቀጋውና ክትክታው ይመነጠራል፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከዚያ የወይራ ችግኝ ይተከልበታል። ያ ሁሉ ልፋት ወፏ በነጻ የተከለችውን አጥፍቶ በገንዘብ መልሶ ለመትከል ነው።

በጉብኝታችሁ ሦስት ነገር አስተውሉ። በሕይወት ያለ ጉቶና ቁጥቋጦ ምን ያህል አለ? ዘር የሚሰጥ አሮጌ ዛፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመቃብር ቦታ ዛፍ ጭምር፣ ምን ያህል ቅርብ ነው? አፈሩስ ጥልቀት አለው ወይስ አለት ወጥቷል? የቀረው ምርጫ ከእነዚህ ነው የሚመጣው።

መከለል፦ ርካሽ ነው፤ የሚከፍለው ሰው ግን አለ

የግብርና ሰዎች «ከንክኪ ነጻ» ይሉታል። ሰውም ከብትም ለተወሰኑ ዓመታት አይግባበት ማለት ነው። ችግኝ አይገዛም፣ ላስቲክ አይሞላም። ወሰኑ በድንጋይ ምልክት ይደረግበታል፣ ዘብ ይቆማል፣ ደንብ ይጻፋል። እርከንና ትሬንች ቢጨመርበት ደግሞ የክረምቱ ውሃ እዚያው ይሰርጋል።

ለውጡ ተስፋ ከሚያደርጉት ይፈጥናል። በአንድ ሁለት ክረምት ሣሩ ይመጣል። ቀጥሎ ቁጥቋጦው ይደራል። ከሣሩ ጋር ቆቅ፣ ጅግራና ጥንቸል ይመጣሉ፤ መሸሸጊያው ሲጠነክር ሚዳቋና ድኩላ ብቅ ይላሉ፤ እነሱን ተከትሎ አነርና ቀበሮ። ጥድና ወይራው ዛፍ ሆኖ ጥላ እስኪጥል ግን አሥርና ሃያ ዓመት ይጠይቃል። «በሦስት ዓመት ደን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚያወራው ስለ ባሕር ዛፍ ነው።

ጉቶ ካለ መከለል ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ወላይታ ያለውን ሁምቦ መጥቀስ ይቻላል። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው ያገገመው በሕይወት ያለውን ጉቶ በመጠበቅና ቁጥቋጦውን በመግረዝ ነው። ከአንድ ጉቶ የሚወጡትን ብዙ ቀንበጦች አሳስቶ ሁለት ሦስት ጠንካሮችን መተው ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ማጭድና ትንሽ መጥረቢያ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል። የሚከለለው ተራራ የማንም ያልሆነ ይመስላል እንጂ ተጠቃሚ አለው። ፍየል ያላት እናት አለች። ጭራሮ ለቅማ ገበያ የምታወርድ አለች። መሬት ያልደረሰው ወጣት አለ። ስብሰባው ላይ አንዱ ተነስቶ «ፍየሎቼን የት ልውሰዳቸው?» ሲል «አብሽር፣ ይስተካከላል» ተብሎ ከታለፈ ተራራው አልተከለለም። ሌሊት ይገባበታል።

ወሎ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ከ1966 እና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረ ብዙ ተራራ ተከለለ፣ ብዙ እርከን ተሠራ፣ ብዙ ዛፍ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በየቦታው ሕዝቡ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ደኑን «የመንግሥት» እያለ ነበር የሚጠራው፤ መንግሥት ሲወድቅ ባለቤት የሌለው ዕቃ ሆነ። ስለዚህ ምርጫዎችን ሳነጻጽር የምጠይቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ዘቡ የጠፋ ዕለት ይህ ተራራ ምን ይሆናል?

መልሱ በሣሩ ነው የሚጀምረው። ከንክኪ ነጻ በሆነ ቦታ የመጀመሪያው ምርት ሣር ነው፤ አጭዶ መውሰድ ከተፈቀደ በዚያው ዓመት ለየቤቱ ይደርሳል። በደንባችሁ ውስጥ በግልጽ ጻፉት። አጨዳው መቼ ነው? (ሣሩ ዘሩን ከጣለ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማለት ነው።) ለአንድ ቤት ስንት ሸክም ነው? ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን መሸጥ ትችላለች? የዘቡ ደመወዝ ከሣሩ ነው ወይስ ከቅሬው መዋጮ? የገባ ፍየል ቅጣቱ ስንት ነው፣ ገንዘቡስ የት ይገባል? ቅጣቱ ዘቡ ኪስ የሚገባ ከሆነ ውሎ አድሮ ጠብ ያመጣል። ከብት የሌላቸውን የዘነጋ ደንብ ደግሞ ከመጀመሪያው ጠላት ያፈራል።

ስለ ቀፎም ይታሰብ። ቁጥቋጦው ሲያብብ ንብ ይወደዋል፤ በየወረዳው ወጣቶች ተደራጅተው በተከለለ ተራራ ላይ ንብ የሚያነቡት ለዚህ ነው። እሱም እንደ ሣሩ ዛፍ ሳይቆረጥ ገንዘብ ያመጣል። ባለ ቀፎ ወጣት ደግሞ ሳይቀጠር ዘብ ይሆናል።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። አውሬ ሲመለስ የሚመጣው የምንወደው ብቻ አይደለም። ጦጣና ዝንጀሮ በቆሎ ይጨርሳሉ፣ ጃርት ድንች ይቆፍራል፣ ጅብና ነብር ፍየል ይነጥቃሉ። ተራራ ሲከለል ይህ ሳይነገረው የቀረ ገበሬ በሁለተኛው ዓመት የተቃዋሚዎቹ መሪ ነው። ስለዚህ ወሰኑ ላይ ከተከለለው ቦታ ጋር የሚዋሰኑ ማሳዎችን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። የእነዚያ ባለ ማሳዎች የሣር ድርሻ ከሌላው ከፍ ቢል፣ የሰብል ጥበቃው ተራም በጎጡ ሁሉ ቢዳረስ ይታገሱታል። በግና ፍየል ማታ በጠንካራ በረት እንዲያድር ማድረግም ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

ለቆላው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቆቦ፣ በሐርቡ፣ በከሚሴ በኩል ቅንጨ አረም ያለበትን ቦታ ከልሎ ዝም ማለት አይቻልም። ከብት ስለማይበላው ሣሩን ቀድሞ ይይዘዋል። ሳያብብ መንቀል ያስፈልጋል፤ ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅ ሸፍኖ።

መትከል፦ መቼ ነው አማራጭ የሌለው?

ጉቶ የለም፣ ቁጥቋጦ የለም፣ ዘር የሚሰጥ ዛፍም በቅርብ የለም እንበል። እዚህ መከለል ብቻውን ሣር ይሰጣል እንጂ ጫካ አይሰጥም። ቦረቦር ያለበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ክትር፣ ቀጥሎ ተከላ ይፈልጋል። ኮሶና ዝግባን የመሳሰሉ ከአካባቢው የጠፉ ዛፎችን ለመመለስም በእጅ መትከል ግድ ይላል።

ሒሳቡን ግን ሥሩ። በየሁለት ሜትሩ ቢተከል አንድ ሄክታር 2,500 ጉድጓድ ነው። አፍልቶ፣ ተሸክሞ፣ ቆፍሮ፣ ተክሎ ማለት ነው። ያ ሁሉ ችግኝ የመጀመሪያውን በጋ ማለፍ አለበት። የወሎ ደጋ በበልግና በክረምት መካከል የሚንገላታ አገር ነው። በልጉ ከቀረ መስከረም ላይ ዝናብ ያቆመበት ችግኝ እስከ ሰኔ ጠብ ያለ ውሃ ላያይ ይችላል። ስለዚህ ውጤት መቆጠር ያለበት በሐምሌ ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ነው። ለተከላ ገንዘብ የምትልኩ ሰዎች፣ የጥሩን ቆጠራ ሳታዩ ሁለተኛውን ዙር አትላኩ። በሐምሌ ፎቶ ላይ ሁሉም ችግኝ አረንጓዴ ነው።

ለአውሬና ለወፍ የምትተክሉ ከሆነ የዛፉ ዓይነት ወሳኝ ነው። እኔ ብጠየቅ ከምንም በላይ ፍሬ የሚሰጡትን አስቀድማለሁ። በወይና ደጋ ሾላና ዋርካ ለወፍም ለጦጣም ማዕድ ናቸው፤ ወፍ በመጣ ቁጥር ደግሞ የሌላ ዛፍ ዘር ይዞ ይመጣል። ጭብሃ ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ስለሚተከል ላስቲክም ችግኝ ጣቢያም አይፈልግም፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሆናል። ዋንዛና ብሳና ለንብ ጥሩ ናቸው። በደጋው ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። በቆላው ግራርና ቁርቁራ። ሁሉንም በመደዳ እንደ ወታደር አታሰልፏቸው። በየቦታው ሰብሰብ ሰብሰብ አድርጎ መትከልና መሐሉን ለወፎቹ መተው በትንሽ ችግኝ ብዙ ያስኬዳል።

የፈረንጅ ጥድን በተመለከተ ከብዙዎች ጋር አልስማማም። ከሩቅ ደን ይመስላል፣ ያምራልም። ጥቅጥቅ ብሎ ሲያድግ ግን ከሥሩ ሣርም ቁጥቋጦም ብዙ አያበቅልም። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የየጎፍ ደን የረገጠ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። እዚያ የአገሩ ጥድና ወይራ ያለበት የተፈጥሮ ደን አለ፤ በሰው የተተከለ የፈረንጅ ጥድም አለ። በሁለቱም ውስጥ ዝም ብላችሁ ቁሙና የወፉን ድምፅ አዳምጡ።

ባሕር ዛፍ፦ ተሳዳቢው ብዙ፣ ተካዩ ደግሞ ከዚያ የበለጠ

በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በየስብሰባው ይሰደባል፤ ከስብሰባው የወጣው ሰው ግን ሄዶ ይተክለዋል። ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ አጣና ይሆናል፤ ከተቆረጠ በኋላ ራሱ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ፍየል አትበላውም፤ ልጅ ሲታመም ወይም ሠርግ ሲመጣ ይሸጣል። ለብዙ ቤት የቁጠባ ደብተር ነው።

ለአውሬ ግን ባዶ ነው ማለት ይቀላል። ከሥሩ ያለው እፅዋት ይሳሳል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ክረምት ላይ ውሃው በባዶው አፈር ላይ ይንሸራተታል። ምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ምንጩን ሲያደርቅ ያላየ የደጋ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ይቅር? አይቅር። እዚህ ላይ ከአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጋር የምለይበት ነጥብ አለ። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ከሌላ ቦታ ካልተገኘ የሚቆረጠው ያ የምንጠብቀው ወይራ ነው። ጥቂት ባሕር ዛፍ በትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ማለትም መንገድ ዳር፣ የቤት ጓሮ ጫፍ፣ ከምንጭና ከእርሻ ራቅ ያለ ጥግ ላይ ቢተከል የተከለለውን ተራራ ከመጥረቢያ ይጠብቀዋል። ተራራውን ሙሉ በሙሉ ባሕር ዛፍ ማልበስ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን እርሻ በሉት፤ የአውሬ መኖሪያ አትበሉት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?

ውርጭ ላይ ዛፍ አትትከሉ

የማይሠራበት ቦታ አለ ያልኩት ይሄ ነው፤ ውርጭ የሚባለው ከደጋ በላይ ያለ ብርዳማ ከፍታ። ከላሊበላ በላይ 4,260 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ወደ አቡነ ዮሴፍ ስትወጡ ዛፉ ያልቃል። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦም ያልፍና ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራል። የማያውቅ ሰው «ይህ ሁሉ ባዶ መሬት» ይላል። ባዶ አይደለም። ጓሳው ሥር አይጥና ፍልፈል አለ፤ የቀይ ቀበሮ ምግብ አብዛኛው እሱ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ያደጉት ቁጥር ከ500 አይበልጥም፤ ከእነዚያም ግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ለሰሜኑ የተረፈው በስሜን፣ በመንዝና በወሎ ተራሮች የተበታተነ ጥቂት መንጋ ነው። ጎጃም ውስጥ በጮቄ ተራራ ላይ ጨርሶ ጠፍቷል። ጭላዳም ሣር በል ነው፤ ገደሉና ሜዳው ካለው ይበቃዋል።

እዚህ ዛፍ መትከል ማለት ቀበሮውን ከቤቱ ማስወጣት ነው። አደጋው ከሌላ አቅጣጫ ነው የሚመጣው። አንደኛ፣ የገብስ ማሳ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ሁለተኛ፣ እረኛውን ተከትሎ የሚወጣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋል፤ አንድ የታመመ ውሻ አንድ ሙሉ የቀበሮ መንጋ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ በውርጭ ላይ ምርጫው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የእርሻ ወሰን ማስመር፣ የጓሳ አጨዳውን በተራ ማድረግ፣ ውሾችን ማስከተብ። አቡነ ዮሴፍ ላይ በዚሁ መንገድ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተቋቁሟል። ጎረቤታችን መንዝ ደግሞ ጓሳ የሚባለውን የሣር ሥፍራውን ለብዙ መቶ ዓመታት በአባቶች ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ኖሯል፤ ሣሩ ለገመድና ለቤት ክዳን እስኪደርስ ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል። ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

በደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት አካባቢ ሰዎች ነገሩ ትንሽ ይለያል። ድሮ ደንቆሮ ጫካ የሚባለው ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ፣ የእናንተ ምርጫ ከፓርኩ ወሰን ውጭ ባለው መሬት ላይ ነው። ወሰኑን የሚነካ ቁጥቋጦ ከተከለለ አውሬው ከፓርኩ ወጥቶ ማሳ ላይ ከመውደቁ በፊት መሸሻ ያገኛል።

የቤተ ክርስቲያንና የመቃብር ቦታ ዛፍ

ብዙ ገንዘብም ጊዜም ለሌለው ቅሬ ይህ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ወሎ ውስጥ የአሮጌ ዛፍ ዘር የተረፈው በአብዛኛው በአድባራት ቅጥርና በሙስሊም መቃብሮች ውስጥ ነው። ዘቡ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው፤ 1983ም ቢመጣ አይነካም። ችግሩ ከብት ይገባበታል፤ አሮጌዎቹ ዛፎች እያረጁ ተተኪ የላቸውም።

መፍትሔው ግልጽ ነው። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆነው ዙሪያውን የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ድንጋዩ ከየማሳው የሚለቀም ነው፤ ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል። ካቡን ከዛሬው የዛፍ ዳር አሥር ሃያ ሜትር ገፋ አድርጎ መሥራት ይመረጣል፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው በዚያ ባዶ መሐል ነው። ወሎ ላይ ደግሞ አንድ የሚያስቀና ነገር አለን። ቅሬው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚያቅፍበት ቦታ ብዙ ነው። አንድ ቅሬ የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ካብ በተራ ቢሠራ የሚገርመው ሰው የለም።

ከእንዲህ ያለ ቅጥር አጠገብ የሚከለል ተራራ ከሌላው ቀድሞ ያገግማል፤ ዘሩም ወፉም ቅርብ ነውና። ከተቻለ ሁለቱን አገናኙ።

በማን ስም ይሁን?

ይህን ክፍል ሰው አይወደውም፤ ወረቀት ነውና። ግን ከ1983 የተማርነው ይህንን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቷል። የማኅበረሰብ ደን በሕግ ይታወቃል ማለት ነው። ተራራው የወል መሬት ከሆነ በጎጡ ስም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ ወሰኑ ይለካ፤ ደብተሩ ይውጣ። ደብተር የሌለውን የተከለለ ቦታ የሚቀጥለው የቀበሌ ሹም ለሌላ ሰው ሊሰጠው ይችላል።

በወጣቶች ማኅበር ስም ማድረግ ሁለት መልክ አለው። ወጣቶቹ ይተጋሉ፣ ንብ ያረባሉ፣ ከብት ያደልባሉ። ሆኖም ለጥቂቶች ሲሰጥ የቀረው ጎጥ «የእነ እገሌ ተራራ» ይለውና ከጠባቂነት ወደ ተመልካችነት ይወርዳል። መሬቱ በጎጡ ስም ሆኖ የንብና የሣር የመጠቀም መብቱ ለወጣቶቹ በውል ቢሰጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ውሉ የጊዜ ገደብ ይኑረው።

የራሱ ማሳ ውስጥ ገደላማ ጥግ ያለው ገበሬ ደግሞ ማንንም መጠበቅ የለበትም። ያችን ጥግ ማረሱን ትቶ ቁጥቋጦውን ቢተውላት ለቆቅና ለንብ በቂ ነች፤ ደብተሩም በእጁ ነው።

ከየት እንጀምር?

ተራራው ሰፊ ከሆነ በአንድ ዓመት ሁሉንም አትዝጉ። ሲሶውን ዝጉ፤ ቀሪው ለግጦሽ ይቆይ። ሣሩ ሲደርስና ሰው ሸክሙን ይዞ ቤቱ ሲገባ ሁለተኛውን ሲሶ መዝጋት ያን ያህል ክርክር አይፈልግም። ተራራውን ለማየት ጥቅምት ጥሩ ወር ነው፤ ሣሩ ገና ስላለ የትኛው ጥግ አፈር እንዳለው ይታያል። ደንቡን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ አዝመራው ሲገባ ተወያዩበት። ጥርና የካቲት የተፋሰስ ሥራ ጊዜ ስለሆነ እርከኑና ትሬንቹ ያኔ ይሠራል። መትከል ካስፈለገ ሐምሌ ላይ፣ ወፍ ባልደረሰችበት ቦታ ብቻ።

ኅዳር ላይ ስትሰበሰቡ ፍየል ያላቸውን ሴቶች ከፊት አስቀምጧቸው፤ ፍየሎቹ በመጀመሪያው ዓመት የት እንደሚውሉ በስም በስም ሳይጻፍም ቃለ ጉባኤው አይፈረም።